የአራሷ አውራ ጣት፦ ብርድ ነው ወይስ ጅማት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ሁለት ወር ተኩል ሆኖኛል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ የቀኝ እጄ አውራ ጣት ሥር፣ ወደ አንጓው በኩል፣ በጣም ያመኛል። ትንሽ አበጥ ብሏል። ልጁን ከአልጋ ላነሳ ስል ልጮህ ይቃጣኛል። ትናንት ደግሞ ቡና ስቀዳ ጀበናው ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር። እናቴ «አራስነትሽን ሳትጨርሺ ቀዝቃዛ ውሃ ነክተሽ ብርድ ገባብሽ» ትላለች። ጎረቤታችን ግን ወለምታ ነው ብላ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝና ታሸሁ፤ የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ ሳይዞር አደርኩ። ምን ይሆን የያዘኝ? ስለማጠባ መድኃኒት መውሰድም ፈርቻለሁ።
(የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፦ እጅሽ ዳግመኛ እንዳይታሽ። ወጌሻዋ ለክፋት አይደለም ያሸችሽ፣ ግን የተቆጣ ጅማት ሲታሽ ይበልጥ ይቆጣል፤ ያን ማታ ያየሽው እሱን ነው።

የነገርሽኝ ሁሉ ደ ኬርቫን ወደሚባለው ሕመም ነው የሚያመለክተው። ስሙን ያገኘው በ1895 እ.ኤ.አ. ስለ ሕመሙ ከጻፈው ፍሪትዝ ደ ኬርቫን ከሚባል የስዊዘርላንድ ቀዶ ሐኪም ነው። አውራ ጣትን ወደ ውጭ የሚዘረጉ ሁለት ጅማቶች አሉ። እነሱ አንጓው ጎን ላይ፣ አጥንቱ ጎላ ብሎ በሚዳሰስበት ቦታ፣ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋሉ። በሱሪ ወገብ ውስጥ የሚያልፈውን ገመድ አስቢ። የጨርቁ እጥፋት ሲጠብና ሲወፍር ገመዱ አልሳብ ይላል አይደል? ያንቺም ጅማት እንደዚያ ነው የሆነው።

ቤትሽ ሆነሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። አውራ ጣትሽን መዳፍሽ ውስጥ አድርጊና በአራቱ ጣቶች ጨብጪው፤ ከዚያ አንጓሽን ቀስ ብለሽ ወደ ትንሿ ጣት በኩል አዘንብዪው። ሲወጠር ትንሽ መሳብ ማንም ላይ ይኖራል፣ ስለዚህ በደህናው እጅሽም ሞክሪና አወዳድሪ። በታመመው በኩል ያ ያበጠው ቦታ ላይ ስለት የገባ ያህል ካመመሽ ነገሩ እሱ ሳይሆን አይቀርም። አንዴ ይበቃል፣ ደጋግመሽ አታሠቃዪው።

ለምን አሁን መጣ? ሕመሙ ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ከወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ በተለይ። ዋናው ምክንያት ልጁን የምናነሳበት መንገድ ነው። ብብቱ ሥር ይዘሽ፣ አውራ ጣቶችሽን ወደ ላይ ገትረሽ፣ አንጓሽን አጥፈሽ ታነሺዋለሽ፤ ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደምታደርጊው አንቺው ታውቂያለሽ፣ ልጁ ደግሞ በየሳምንቱ ይከብዳል። ከዛሬ ጀምሮ አነሳስሽን ቀይሪ። አንዱን እጅሽን ከመቀመጫው ሥር፣ ሌላውን ከአንገቱና ከጭንቅላቱ ሥር፣ መዳፍሽን ወደ ላይ አድርገሽ አስገቢ። እንጀራ ከምጣድ ላይ በሰፌድ እንደምታወጪው ማለት ነው፣ ሰፌዱ ከሥር ይገባል እንጂ ከላይ አይቆነጥጥም። ስታጠቢ ጭንቅላቱን በታጠፈ አንጓ አትሸከሚ፣ ትራስ ይሸከምልሽ። እያጠባሽ በአንድ እጅ ስልክ መነካካቱንም ለጊዜው ተዪው።

ሁለተኛው ነገር ማሰሪያ ነው። ፋርማሲ ስትሄጂ አንጓን ብቻ የሚይዘውን ሊሰጡሽ ይችላሉ፣ እሱ አይሆንሽም፤ አውራ ጣቱንም አብሮ የሚደግፈውን ጠይቂ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ቀንም ሌሊትም አድርጊው፣ ስትታጠቢ ብቻ አውልቂው። ጥብቅ አድርገሽ አትሰሪ፣ ጣትሽ ከደነዘዘ ላላ አድርጊው። በዚህ ጊዜ ጨርቅ መጭመቅና ሊጥ ማቡካት ለሌላ ሰው ይተው። ባልሽ ቤት ካለ ዳይፐር መቀየርና ልጁን አንስቶ ማቀበል የሱ ሥራ ይሁን፤ ይህን የምለው ለወጉ ሳይሆን፣ እጅሽ ካላረፈ ማሰሪያው ብቻውን ስለማያድንሽ ነው።

በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለአሥር ደቂቃ ያህል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መያዝም ሕመሙን ያስታግሳል። እናትሽ ግን ይህን ሲሰሙ እንደሚደነግጡ አውቃለሁ። ብርድ ገብቶብሽ አይደለም የታመምሽው፣ በረዶውም አይጎዳሽም፣ ቢሆንም በዚህ የተነሳ ቤቱ የሚበጠበጥ ከሆነ ይቅር። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ማሰሪያው ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ አይቡፕሮፌን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ለሚያጠቡ እናቶች ይታዘዛል። ጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ ግን ሳትጠይቂ አትጀምሪው። ከሌለብሽም ምግብ በልተሽ ውሰጂው፣ ለጥቂት ቀን ብቻ።

በዚህ ሁሉ ካልተሻለሽ የአጥንት ሐኪም ጅማቱ ያለበት ቦታ ላይ የስቴሮይድ (የተቆጣውን ጅማት የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ ይወጋሻል። ብዙ ሰው በአንዱ ይድናል። መርፌው የተወጋበትን ቆዳ ነጣ ሊያደርገው ይችላል፣ በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ ብቻ ቀድመሽ እወቂው። የስኳር በሽታ ካለብሽም ለሐኪሙ ንገሪው፣ መርፌው ስኳርሽን ለጥቂት ቀናት ከፍ ያደርጋል።

ሕመሙ የጀመረሽ ወድቀሽ ከሆነ፣ ወይም ቦታው ቀልቶ ትኩሳት ካለሽ፣ ማሰሪያ ስትሞክሪ ጊዜ አታጥፊ፣ ቶሎ ታዪ።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምኖረው፣ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ለዚሁ ሕመም ሁለት ጊዜ መርፌ ተወጋሁ፣ ተመልሶ መጣ። ኦፕራሲዮን ይደረግ ብለውኛል፣ ፈራሁ።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ይገባኛል፣ ባዕድ አገር ብቻሽን ነሽ። ቀዶ ጥገናው ግን ትንሽ ነው። ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ያንን የጠበበ መተላለፊያ ይከፍቱታል፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት ትመለሻለሽ። አንዳንድ ሰው ላይ መተላለፊያው በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ መርፌው አንዱን ብቻ ሊያገኝ ይችላል፤ ያንቺም እንዲያ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ ሁለት ነገር ንገሪው፦ የአውራ ጣትን ጀርባ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ እንዲጠነቀቅልሽ፣ ደግሞም ለስንት ሳምንት ማንሳትና መጭመቅ እንደማትችይ በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥሽ። ወረቀቱን ለአሠሪዎችሽ አሳዪ፣ አንድ ኮፒም እጅሽ ላይ ይቅር።