«ሞገድ የሚውጥ» ወይስ «ሞገድ የሚመጥጥ»?

ጥያቄ፦ አውሮፕላን በራዳር በቀላሉ እንዳይታይ ስለሚረዳ ቀላል የሴራሚክ ቁስ ለተማሪዎቼ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። አንድ ባልደረባዬ «ራዳር ዋጭ አረፋ» በል ይለኛል። እኔ ደግሞ «ቁሱ ራዳር ይመጣል» ብዬ ጽፌ ተማሪዎቹ ግራ ተጋቡ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «እንግዳ ይመጣል» ስንል «ጣ» ይላላል፤ «ስፖንጁ ውሃውን ይመጣል» ስንል ይጠብቃል። አፋችን ይለያቸዋል፣ ወረቀት ላይ ግን አንድ ናቸው። ግሱ «መጠጠ» ነውና «ይመጥጣል»፣ «የሚመጥጥ» ብለው ይጻፉ። ሁለተኛው «ጠ» የግሱ የራሱ ነው፣ ጭማሪ አይደለም።

ባልደረባዎ «ዋጠ»ን የመረጡት «ጨለማ ዋጠው» ከሚለው አነጋገር ተነስተው ይመስለኛል። እዚያ ግን ከዓይን የሚጠፋው የተዋጠው ነው። እዚህ የሚሰወረው አውሮፕላኑ ነው፤ ቁሱ ውስጥ የሚቀረው ሞገዱ ነው። ሞገዱ ገብቶ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይቀየራል፣ ወደ ላኪው የሚመለሰው ትንሽ ነው። ለዚህ «መጠጠ» ይስማማል። ደግሞ የሚመጠጠው ራዳሩ ሳይሆን ሞገዱ ነው። ራዳር ሞገዱን የሚልከው መሣሪያ ነው።

«አረፋ» ላይ ትንሽ ልቆይ። የሳሙናም የቢራም አረፋ ወዲያው ይከስማል። ይህ ግን ደረቅና ጠንካራ ነው። አንዱ አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ስፖንጅ ውሃ በያዘ የሴራሚክ ዱቄት ይነከራል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በከፍተኛ ሙቀት ይተኮሳል። ስፖንጁ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ቅርጹ በሴራሚክ ይቀራል። ቀዳዳ በቀዳዳ! እኛ ለዚህ ቆንጆ ቃል አለን፦ ዓይን፣ እንደ እንጀራ ዓይን። ዓይኖቹ ክብደት ከመቀነስ ያለፈ ሥራ አላቸው። ድፍን ገጽ ብዙውን ሞገድ ከላይ ይመልሰዋል። አየር የሞላው ባለ ዓይን ቁስ ላይ ግን ሞገዱ ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ እኔ «ባለ ዓይን ሴራሚክ» ብል ደስ ይለኛል።

«ሸክላ» አይበሉት። ሸክላ ከአፈር ነው፤ ለዚህ ሥራ ከሚሞከሩት አንዱ ሲሊኮን ካርባይድ (የሲሊኮንና የካርቦን ውህድ) ግን አፈር የለበትም። ሙቀት መቻሉም ትልቅ ነገር ነው፤ ተራ ቀለም በሚቃጠልበት የሞተር አካባቢ ይጸናል።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገርዎን እንዲህ ቢያስተካክሉትስ? «ባለ ዓይኑ ሴራሚክ የራዳር ሞገድን ይመጥጣል።»