ጥያቄና መልስ፦ «ዜድ፣ እንዳይጠፋ»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። አባቴ ካረፈ ዓመት ሞላው። ደሴ ያለውን የድሮ ቤታችንን ስንለቅ ከቁም ሳጥን ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ የቪዲዮ ካሴት አገኘን። አንዱ ላይ በእጁ «ዜድ፣ እንዳይጠፋ» ብሎ ጽፎበታል። ዴክ ተውሼ ዕቃውን ባወረድን ዕለት ከፈትኩት። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ሰዎቹ በእንግሊዝኛ ያወራሉ፣ ከንፈራቸው ግን ሌላ ነው የሚለው። ዋናው ሰውዬ ገና በጊዜ ተመትቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቢሮ ውስጥ ሆነብኝና ዘጋሁት። አባቴ ምኑን ወዶት ነው? ካሴቱንስ ምን ላድርገው?
መ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አባትህን አፈሩ ይቅለለው። ስለ ካሴቱ አብሽር፣ የሚድን ይመስለኛል። ግን ለጊዜው ዴክ ውስጥ አትክተተው።

የደሴን ጉም ታውቀዋለህ። ቁም ሳጥን ሥር ዓመታት የከረመ ካሴት እርጥበት ይጠጣል። ቀዝቅዞ የኖረውን ዕቃ የሐረጎን ዳገት አውርደህ ወዲያው ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ስታስገባው ላብ ያወጣል። ላቡ ያለበት ካሴት ሲሽከረከር ዴኩ ላይ ይጣበቃል፣ ይቆረጣልም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ደረቅ ቦታ፣ ፀሐይ ሳይመታው፣ አቁመህ አስቀምጠው። ከዚያ በካሴቱ መስኮት አሻግረህ ጥቅሉን እየው። ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ያለበትን አታጫውት፤ ቴፑን የሚያነበውን የዴኩን ሄድ ያበላሻል፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይዛመታል። ለሚያጸዳ ሰው ስጠው። ንጹሕ ከሆነ አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥነህ መልሰው፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጠህ ፍላሽ ላይ ያዘው።

ፊልሙን ለማየት ግን በዚያ ካሴት አትድከም። ዜድ የተሠራው በፈረንሳይኛ ነው፤ አንተ የሰማኸው በላዩ የተለጠፈ ድምፅ ነው። የፊልሙ ምስል ከድሮው ቴሌቪዥን ይሰፋል፤ ስለዚህ ካሴት ላይ ብዙ ጊዜ ጎንና ጎኑ ይቆረጣል። ፍጥነቱም አንድ አይደለም። በሰከንድ 24 ምስል ሆኖ የተቀረጸ ፊልም ፓል በሚባለው የቪዲዮ ዓይነት በተቀዳ ካሴት በ25 ይሮጣል። የ127 ደቂቃው ፊልም ወደ 122 ይወርዳል ማለት ነው። ታድሶ የወጣ ዲቪዲ ወይም ብሉሬይ ፈልግ፤ በራሱ ድምፅ፣ ከግርጌ ጽሑፍ ጋር እየው።

አሁን ወደ አባትህ ልምጣ።

አንተ የዘጋህበት ቦታ፣ ለእኔ ፊልሙ የሚጀምርበት ነው። በ1986 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ አጠገብ በነበረ ቪዲዮ ቤት ነው ያየሁት። ሰውዬው ሲሞት ግማሹ ተመልካች ተነስቶ ወጣ። እኔ ቀረሁ። ያስቀረኝ የታይፕ ድምፅ ነው። ያኔ በአንድ የፍርድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ የሚኖር ድምፅ ነው።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። ግሪጎሪስ ላምብራኪስ ሐኪም ነበር፣ የርዝመት ዝላይ ሻምፒዮን፣ የግሪክ ፓርላማ አባል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 1963 ተሰሎንቄ ውስጥ ስለ ሰላም ተናግሮ ሲወጣ፣ ከባለ ሦስት እግር መኪና ላይ የነበረ ሰው ጭንቅላቱን በዱላ መታው። በአምስተኛው ቀን ሞተ። የመንግሥት ሰዎች የመኪና አደጋ ነው አሉ። ሕዝቡ ግድግዳ ላይ ዜድ የምትባለዋን ፊደል ጻፈ፤ በግሪክኛ «ሕያው ነው» ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ኮስታ ጋቭራስ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1969 ሲያወጣ ግሪክ ሥልጣን በያዙ ኮሎኔሎች እጅ ነበረች። ስለዚህ የቀረጸው አልጄርስ ሄዶ ነው። ኦስካሩንም የወሰደው በአልጄሪያ ስም ነው፤ በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ለአፍሪካ አገር የመጀመሪያው። ሙዚቃው የሚኪስ ቴዎዶራኪስ ነው። እሱ ያኔ የኮሎኔሎቹ እስረኛ ነበር። ሙዚቃውን ስትሰማ ይህን አስብ።

ግን አባትህ የወደደው ይህን ብቻ አይመስለኝም። መርማሪ ዳኛውን ተመልከተው። በእነሱ ሥርዓት ዳኛው ራሱ ይመረምራል፤ እኛ ጋ የፖሊስ ሥራ ነው። ዣን ሉዊ ትሬንቲኞ ነው የሚጫወተው፤ በዚሁ ሥራ በካን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ ሽልማት አግኝቷል። ወጣት ነው፣ ባለ ጥቁር መነጽር። አይጮኽም። ለማንም ወገን አይልም። መጀመሪያ «ክስተቱ» ብቻ ነው የሚለው። ሌላው «ግድያ» ሲል ያርመዋል። ምስክር ይሰማል፣ ያስጽፋል፣ ደግሞ ይሰማል። አንድ ቀን ቃሉ ከራሱ አፍ ይወጣል፦ ግድያ።

እዚያ ላይ አለቀስኩ።

ምክንያቱን ልንገርህ። አንዲት እናት ስለ ልጇ ሞት ቃል ስትሰጥ እኔ ነበርኩ የምጽፈው። «ገደሉብኝ» አለች። አስጻፊዬ ቀና ሳይል «አደጋ ደረሰበት በይ» አለኝ። በሁለት ካርቦን፣ በሦስት ኮፒ፣ አደጋ ደረሰበት ብዬ ጻፍኩ። ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም ነበር። ጣቷን ቀለም አስነክተን አስፈረምናት። የእኔም እጅ አለበት፤ ይህን ለማንም ሸፍኜ አላውቅም።

ስለዚህ ፊልሙን እንደገና ስትከፍት ቢሮ ነው ብለህ አትለፈው። የሬሳ ሣጥን የሚቀባውን ምስክር ልብ በል። ያየውንና የሰማውን ሊናገር ቆርጧል፤ እሱንም መትተው ሆስፒታል አስተኝተውታል። የገዛ እህቱ አልጋው ድረስ መጥታ ዝም እንዲል ትወተውተዋለች። «አንተን ምን አገባህ» የምትለዋን ነገር እኛም ቤት እናውቃታለን። ከዚያ መኮንኖቹ ተራ በተራ ይጠራሉ። ደረታቸው በኒሻን ተሞልቷል። ዳኛው የሚጠይቃቸው እንደ ማንኛውም ሰው ነው፦ ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ ሥራ። ታይፑ ይመታል። ተከሰው ሲወጡ በተናደደ እጃቸው የተቆለፈውን በር ይታገላሉ።

መጨረሻው ደስ አይልም፤ ቀድሜ ልንገርህ። ምስክሮች ይጠፋሉ፣ ወታደሮቹ ሥልጣን ይይዛሉ። ከዚያ የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ይመጣል፦ ለወንድ ረጅም ፀጉር፣ አጭር ቀሚስ፣ ሶፎክልስ፣ ቶልስቶይ፣ አዲሱ ሒሳብ፣ በመጨረሻም ራሷ ዜድ። በደርግ ጊዜ መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልሎ ጓሮ የቀበረ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያይ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። አባትህ በዚያ ዘመን ምን እንደነበር እናትህን ጠይቃት።

ከፊልሙ ውጭ ያለውን ልጨምርልህ። የእውነተኛው መርማሪ ስም ክሪስቶስ ሳርዜታኪስ ነው። ኮሎኔሎቹ ከዳኝነት አባረሩት፣ አሰሩት። እ.ኤ.አ. በ1985 የግሪክ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ካሴቱን ግን ሌላ ኮፒ አገኘሁ ብለህ አትጣለው፤ የአባትህ ጽሕፈት አለበት። ሐረጎን ወጥተህ ብታመጣልኝ አብረን እናየዋለን፤ የሚሠራ ዴክ አለኝ። እስከዚያው አንድ ነገር አድርግ። ስያሜው በተለጠፈበት ጎን፣ ጥግ ላይ፣ ትንሽ ፕላስቲክ አለች። አባትህ ሰብሯት ካልሆነ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ሰበር አድርጋት። ከዚያ ወዲያ በላዩ ሌላ ነገር ልቅረጽ የሚል ቢመጣ ዴኩ እሺ አይለውም።