ኋላው ከፍ ካለ በኋላ የሚያነጥር ፒካፕ

ጥያቄ፦ የሃይሉክስ ፒካፔ ጭነት ሲይዝ ኋላው ስለሚዘቅጥ፣ በሁለቱም የኋላ ባሌስትራዎች (የመኪናውን ክብደት በሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች) ላይ ሁለት ሁለት ብረት አስጨምሬ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግሁት። አሁን ግን ባዶውን ስነዳው ክፉኛ ያንገጫግጨኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ብረት ሲታከልበት ባሌስትራው ስለሚጠነክር፣ 500 ኪሎ ሲጫን የሚመቸው መኪና ባዶውን ማንጠሩ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጭነት የሚነዱ ከሆነ በየባሌስትራው ከተጨመሩት ሁለት ብረቶች አንድ አንዱን ቢያስወጡ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሆኖም ብረቱን ከማስነካትዎ በፊት ጎሚኒዎቹን (በባሌስትራው ጫፎች ውስጥ ያሉትን ላስቲኮች) ያስመርምሩ፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው። መካኒኩ የባሌስትራውን የጫፍ ብሎኖች ያጠበቀው መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከሆነ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ባሌስትራውም እንደ ልብ መተጣጠፍ ይሳነዋል። ብሎኖቹ ላላ ይደረጉ፤ መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ኋላው ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጫን ለቀቅ ይደረግ፤ ከዚያም እዚያው እንደ ቆመ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጥበቁ።

አሞርዛተሩ (የመኪናውን ንጥረት የሚያረግበው ዕቃ) የድሮው ከሆነ ደግሞ ለአዲሱ ከፍታ አጥሮ ሊሆን ይችላል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ከኋላ “ድም” የሚል የብረት ድምፅ ከሰሙ፣ ወይም ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) በክሪክ ሲነሣ ጎማው ገና ጥቂት እንደ ወረደ አሞርዛተሩ ተወጥሮ ከያዘው፣ በረዘመ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ ውስጡ ተመትቶ ዘይት ማፍሰሱ አይቀርም።

የጎማው ነፋስም ለጭነት እንደ ተሞላ ከሆነ፣ ባዶውን ሲነዱ በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ሰሌዳ ልክ ይቀንሱት።