የቅናሽ ኮድ ድረ ገጾች ከሻጩ ጋር እንዴት ነው የሚሠሩት? ጠይቁኝ

የምኖረው ስታዲየም አካባቢ ነው። ከቤቴ ሆኜ ውጭ አገር ላሉ የኦንላይን ሱቆች የአፊሊየት ሽያጭ፣ ማለትም በሊንኩ ደንበኛ ላመጣ ኮሚሽን የሚከፈልበትን ሽያጭ፣ እከታተላለሁ። የቅናሽ ኮድ የሚለጥፉ ድረ ገጾች ምን እንደሸጡና ስንት እንደሚገባቸው የማጣራው እኔ ነኝ። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ እኛ ኮዱን የምንወስደው በነፃ ነው። ታዲያ እነሱ ምን ይበላሉ?

መልስ፦ ኮሚሽን ነዋ! ኮዱን ስትነኪው የሻጩ ገጽ በእነሱ ሊንክ በኩል ይከፈታል። ብሮውዘርሽ ላይ ኩኪ የምትባል ምልክት ትቀመጣለች፤ ማን እንዳመጣሽ የምትመሰክረው እሷ ናት። ከገዛሽ ሻጩ ይከፍላቸዋል፤ ካልገዛሽ ሰባራ ሳንቲም የለም። የ100 ፓውንድ ጫማ በ10 በመቶ ቅናሽ በ90 ወሰድሽ እንበል። ኮሚሽኑ 5 በመቶ ከሆነ ድረ ገጹ 4 ፓውንድ ተኩል ያገኛል። መሃል ላይ ደግሞ ሻጩንና ድረ ገጾቹን የሚያገናኙ እንደ አዊን፣ ሲጄና ራኩተን ያሉ ኔትወርኮች አሉ። ቆጠራውን የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ የራሳቸውንም ክፍያ ይወስዳሉ።

ጥያቄ፦ ኮዱን ለማየት ስነካ ለምን ሌላ ገጽ ይከፈትብኛል? ያናድዳል።

መልስ፦ ኩኪዋ የምትቀመጠው ያኔ ስለሆነ። ኮዱ በግልጽ ቢጻፍ ገልብጠህ ትሄዳለህ፣ እነሱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ልብ በል፣ ኮዱ ባይሠራም ኩኪዋ ተቀምጣለች። አንዳንዱ ድረ ገጽ የሞተ ኮድ የማያነሳው ለዚህ ነው። ደህናዎቹ ግን ያነሳሉ።

ጥያቄ፦ ኩኪዋ ስንት ቀን ትቆያለች?

መልስ፦ እንደ ሻጩ ነው። 30 ቀን የሚሰጡ ብዙ ናቸው። አማዞን ላይ 24 ሰዓት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ጫማ እሸጣለሁ። ደንበኛው ሊገዛ ቆርጦ ከገባ በኋላ ሻጩ ለምን ኮሚሽን ይከፍላል? ሞኝ ነው እንዴ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ዕቃውን መርጦ ሊከፍል ሲል “የቅናሽ ኮድ አለዎት?” የምትል ባዶ ሳጥን ያያል። ወዲያው ሌላ ገጽ ከፍቶ የሱቁን ስምና “ኩፖን” ብሎ ይፈልጋል። ኮዱን ነክቶ ሲመለስ ኩኪዋ ተቀይራለች። አብዛኛው ሥርዓት የሚከፍለው ደግሞ ለመጨረሻው ሊንክ ነው። ቤት ሲከራይ እንደሚሆነው ነው፦ አንዱ ደላላ ሲያዞርዎት ይውልና ውል ሲፈረም በሩ ላይ የተገኘው ሌላው ይቀበላል።

ሃኒ የሚባለውን፣ ሊከፍሉ ሲሉ የቅናሽ ኮድ የሚፈልግልዎትን የብሮውዘር ማሟያ ያስታውሱ ይሆናል። ፔይፓል በ2020 (እ.ኤ.አ.) በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው ነው። በ2024 መጨረሻ፣ ዕቃውን ያስተዋወቁትን ሰዎች ኮሚሽን በመጨረሻዋ ደቂቃ ለራሱ ይወስዳል ተብሎ ትልቅ ጫጫታ ተነሳበት። በ2025 መጋቢት ጉግል ክሮም በተባለው ብሮውዘሩ ላይ ለሚጫኑ ማሟያዎች ያወጣውን ደንብ አጠበቀ፤ ለተጠቃሚው ጥቅም ሳይሰጡ የአፊሊየት ሊንክ መክተት ተከለከለ።

ሻጩም ዝም ብሎ አይበላም። ለኩፖን ድረ ገጾች አነስ ያለ ኮሚሽን ይመድባል፣ ወይም ለአዲስ ደንበኛ ብቻ ይከፍላል፣ ወይም ለአንድ ድረ ገጽ ብቻ የሚሠራ ኮድ ይሰጣል። ጨርሶ የማይተዋቸውስ ለምን? የሚያመነታ ደንበኛ ኮድ ሲያገኝ ይከፍላል፤ ካጣ አንዳንዴ ወደ ተፎካካሪ ይሄዳል። የተከማቸ ዕቃም በእነሱ በኩል ቶሎ ይነሳል። በእኔ እምነት ግን ለነባር ደንበኛ ሙሉ ኮሚሽን መክፈል ብር መበተን ነው።

ጥያቄ፦ ኮሚሽኑ ወዲያው ይገባል?

መልስ፦ የለም። የመመለሻው ጊዜ እስኪያልፍ ይንጠለጠላል። ዕቃው ከተመለሰ ይሰረዛል።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። እዚሁ ሆኜ እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ብከፍት ያዋጣኛል?

መልስ፦ ከመጀመርህ በፊት ኔትወርኩ በምን መንገድ እንደሚከፍልና ያ መንገድ አንተ ጋ እንደሚሠራ አረጋግጥ። ሠርተህ ገንዘቡን መቀበል ካልቻልክ ምን ዋጋ አለው? የሱቁን ስም በጉግል ማስታወቂያ ገዝተህ ሰው ለመሳብ አትሞክር፤ ብዙ ሻጮች ይከለክላሉ፣ ኮሚሽንህንም ይሰርዙብሃል። የታላላቆቹን ስም ተሻምተህ አታሸንፍም። ጠበብ ያለ ነገር ያዝ።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ ልብስ እሸጣለሁ። ድረ ገጽ የለኝም፤ ትእዛዝ በቴሌግራም፣ ክፍያ በቴሌብር። ቲክቶክ ላይ የሚያስተዋውቁልኝ ልጆች አሉ። ማን እንዳመጣ እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ላንቺ ኩኪ አያስፈልግሽም። ለእያንዳንዷ የራሷን ኮድ ስጪ። ደንበኛው ሲያዝ ኮዱን ይጥራ፤ አንቺ ከስልክ ቁጥሩና ከከፈለው ብር ጎን ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ልብሱ ደርሶ ልክ ነው ከተባለ በኋላ ኮሚሽኗን አስገቢላት። ቁጥሩ ደብተርሽ ላይ ቀድሞ ካለ ነባር ደንበኛ ነውና ምን እንደምትከፍዪ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንዱ ኮድ በድንገት ከማታውቂያቸው ሰዎች ከጎረፈ የሆነ ቻናል ላይ ተለጥፏል ማለት ነው፤ ቀይሪው። ዋጋ ሰቅለሽ “ቅናሽ” እንዳትዪ ደግሞ። አሳሳች ማስታወቂያ በአዋጅ 759/2004 የተከለከለ ነው፤ ደንበኛም ቶሎ ይነቃል።

ጥያቄ፦ ኮዱን በስሟ ላድርገው?

መልስ፦ አዎ፣ በስልክ ሲጠራ የማያደናግር አጭር ስም ይሁን። የቅናሹን መጠን ግን ኮዱ ውስጥ አትክተቺ። ነገ ከ15 ወደ 10 በመቶ ስታወርጂው ደንበኛው “15 ይላል እኮ!” ብሎ ድርቅ ይልብሻል።