ከሳህኑ እስከ ሳሎኑ፦ ስለ ኤችዲ ቴሌቪዥን ምስልና ድምፅ ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ ዲሽ በመትከልና ቴሌቪዥን በመጠገን ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ። በየቤቱ ስጠራ የማገኘው ችግር አብዛኛው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ በፊት ባለው መንገድ ላይ መሆኑን ደጋግሜ ስላየሁ፣ ዛሬ ጥያቄዎቻችሁን እንድታቀርቡልኝ ጋብዣችኋለሁ። ስትጠይቁ የስክሪኑን መጠን፣ ምስሉ በምን በኩል እንደሚመጣና በየትኛው ኬብል እንደተገናኘ ብትጠቅሱልኝ መልሴ የተሻለ ይሆናል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ በቅርቡ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ገዛሁ። በድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ላይ ጥሩ የነበረው ምስል አሁን ደብዝዞ፣ የሰው ፊት ሁሉ ከጭጋግ ጀርባ ያለ ይመስላል። ሪሲቨሩ ያው የቀድሞው ነው፤ የተገናኘውም ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ኬብል ነው። ሻጩ አታሎኝ ይሆን?

መልስ፦ ሻጩን አይጠርጥሩት፤ ጥፋቱ የዚያ ባለ ሦስት ቀለም ኬብል ነው። በቢጫው ጫፍ የሚያልፈው ምስል ቢበዛ 720 በ576 ነጥብ ያለው ሲሆን፣ የገዙት ስክሪን ግን 1920 በ1080 ነጥብ አለው። ይህም ማለት ወደ አራት መቶ አሥራ አምስት ሺህ ነጥብ የያዘ ምስል ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ ባለው ስክሪን ላይ ተለጥጦ እንዲሞላ ይገደዳል ማለት ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ስክሪኑ ትንሽ ስለነበር ጉድለቱን ይሸፍንልዎት ነበር፤ አዲሱ ግን ገመናውን ሁሉ አውጥቶ ያሳያል።

በመጀመሪያ የሪሲቨሩን ጀርባ ይመልከቱ። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ (ምስልና ድምፅን በአንድ ኬብል በዲጂታል የሚያሳልፈው) ካለው በዚያ በኩል ያገናኙት፤ ከሌለው ግን ሪሲቨሩ የኤችዲ ሥርጭት መክፈት የማይችል የድሮ ሥሪት መሆኑ አይቀርምና፣ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ለሪሲቨር መሰሰቱ አያዋጣውም። ኬብሉን ከቀየሩ በኋላም ሥራው አላለቀም። ብዙ ሪሲቨሮች ከካርቶናቸው ሲወጡ የምስል መጠናቸው 576 ወይም 720 ላይ ተቀምጦ ስለሚመጣ፣ ወደ ሪሲቨሩ ሜኑ ገብተው 1080 ላይ ማድረግ ይኖርብዎታል። ይህን አንድ ቁጥር ባለመቀየሩ ብቻ ለዓመታት ደብዛዛ ምስል ሲያይ የኖረ ደንበኛ አጋጥሞኛል። በመጨረሻም፣ አንዳንድ ጣቢያ በኤችዲና በተራው ጥራት ሁለት ጊዜ ስለሚሰራጭ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ከስሙ አጠገብ ኤችዲ የሚል ያለበትን ይምረጡ።

የኬብሉ ዋጋ አያሳስብዎ። በወርቅ የተለበጠ ነው ተብሎ በብዙ ብር የሚሸጠው ኬብል ለሁለት ሜትር ርቀት ከተራው የተሻለ ምስል አያመጣም፤ የሚያልፍበት መረጃ ዲጂታል ስለሆነ በትክክል ከደረሰ ደርሷል፣ ካልደረሰ ደግሞ ምስሉ ብልጭ ድርግም እያለ ራሱ ይነግርዎታል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ባለ 90 ሳንቲም ዲሽ አለኝ። ክረምት ሲገባ ዝናብ በጣለ ቁጥር ምስሉ በአራት ማዕዘን ይቆራረጥና ደርቆ ይቀራል። ቴክኒሻኑ ሲግናሉ 90 በመቶ ስለሆነ ችግር የለውም ይለኛል።

መልስ፦ ቴክኒሻኑ ያነበበው የትኛውን መስመር ነው? በሪሲቨሩ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ የኃይል መጠን፣ ሌላው የጥራት መጠን ያሳያል። የመጀመሪያው ኤልኤንቢው (ከሳህኑ ፊት ተሰቅሎ ሲግናሉን የሚቀበለው መሣሪያ) ራሱ በሚፈጥረው ጫጫታ ጭምር ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ሳህኑ ወደ ባዶ ሰማይ ቢዞር እንኳ ትልቅ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። መታየት ያለበት ጥራቱ ነው፤ እሱም በጠራ ቀን መለካት አለበት። ለዲሽ የሚውለው ሞገድ በዝናብ ጠብታ ስለሚዋጥና ስለሚበተን፣ በጠራ ሰማይ ጊዜ የተትረፈረፈ ጥራት ያልያዘ ዲሽ የሐምሌን ዝናብ የሚሻገርበት ስንቅ አይኖረውም።

ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው በኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ አካባቢ ሲታይ ወደ ምሥራቅ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ናይልሳት ደግሞ በተቃራኒው በምዕራብ በኩል ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ በአንድ ሳህን ላይ ሁለት ኤልኤንቢ ደርድሮ ሁለቱንም ለመያዝ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ሁለት ሳህንና አንድ መቀያየሪያ ያስፈልጋል። በእርስዎ ቤት መጀመሪያ የሳህኑ ብሎን መላላቱን፣ ቀጥሎ ኤልኤንቢው በመያዣው ውስጥ ትክክለኛ ማዘንበያውን መያዙን፣ ከዚያም በኤልኤንቢው በኩል ያለው የኬብል ጫፍ ውሃ ማስገባቱን ያስመርምሩ። ጫፉን ፈትተው ውስጡ ያለው መዳብ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካገኙት፣ ያን ጫፍ ቆርጦ መጣልና አዲስ ኮኔክተር አስሮ በጎማ መሸፈን በቂ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር በዚሁ ላንሳ። የሲግናል ጥራቱ ከ70 ወደ 85 ስላደገ ምስሉ ይበልጥ አያምርም። በአንቴና ዘመን ሲግናል ሲደክም ምስሉ ቀስ በቀስ በረዶ ይለብስ ነበር፤ ዲጂታል ግን እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ሙሉ ሆኖ ይሄድና አንድ ጊዜ ይወድቃል። ትርፉ ጥራት የሚጠቅመው ለዝናቡ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ዝናብ ሳይኖር በመስቀል ሰሞን ረፋድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ሁሉም ጣቢያ ጠፍቶ ይመለሳል። ዲሹ ይበላሽ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። በዚያ ሰሞን ፀሐይ ከሳህንዎ አንጻር ልክ በሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍ የራሷ ጨረር የሳተላይቱን ደካማ ሲግናል ይውጠዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረም አጋማሽና በመጋቢት መጀመሪያ፣ ለጥቂት ተከታታይ ቀናት ይደርስና ያልፋል። በእነዚያ ቀናት ዲሹን የሚያስነካካ ሰው ደህናውን ያስበላሻል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ኳስ ሳይ ሣሩ ቀለም የተቀባ ይመስላል፤ የተጫዋቾቹ ፊት ደግሞ አንዳንዴ ብርቱካናማ፣ አንዳንዴ ሰማያዊ ይሆንብኛል። ቅንብሩን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ቴሌቪዥንዎ «ቫይቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» በሚባለው የምስል ዓይነት ላይ ያለ ይመስለኛል። ይህ ቅንብር የተሠራው በሱቅ መብራት ውስጥ ከጎኑ ካሉት ሃያ ቴሌቪዥኖች ጋር ተፎካክሮ የገዢን ዓይን እንዲስብ እንጂ በሳሎን እንዲታይ አይደለም። «ሙቪ»፣ «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» የሚለውን ይምረጡ፤ የቀለሙንም ሙቀት «ዋርም» ላይ ያድርጉት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ምስሉ ቢጫ የበዛበት ይመስልዎታል፤ ዓይንዎ ከለመደው በኋላ ግን የቀድሞው ሰማያዊነት ይታወቅዎታል። በተለይ የእኛ የጠይምነት ልዩ ልዩ መልክ በቀዝቃዛው ቅንብር አመድ ለብሶ ስለሚታይ፣ ይህን ለውጥ ከሁሉ አስቀድማለሁ።

ከዚያ በኋላ «ሻርፕነስ» የሚለውን ወደ ዜሮ አጠገብ ያውርዱት። ስሙ ጥራት የሚጨምር ይመስላል እንጂ የሚያደርገው በነገሮች ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ማስመር ብቻ ነው። «ብራይትነስ» የሚለውም በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ስክሪኑን የሚያደምቅ ሳይሆን ጥቁሩን ወደ ግራጫ የሚገፋ ነው፤ ብርሃን ከፈለጉ «ባክላይት» የሚለውን ይጨምሩ። ለ«ኮንትራስት» እኔ የምጠቀምበት መለኪያ የሐበሻ ልብስ የለበሱ ተወዛዋዦች ያሉበት ዝግጅት ነው፤ ሸማው ነጭ ሆኖ እጥፋቱና የጥበቡ ክር ለይቶ ከታየ ተስተካክሏል፣ ነጩ ሁሉ አንድ ላይ ቀልጦ ከታየ ግን በዝቷልና ይቀንሱት።

ድራማና ፊልም ሲያዩ እንቅስቃሴው ከልክ በላይ የሚለሰልስ ከሆነ «ሞሽን» የሚለውን ያጥፉት፤ ለኳስ መልሰው ቢያበሩት ክፋት የለውም።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ለ55 ኢንች ከስንት ሜትር ርቀት መቀመጥ ይገባል?

መልስ፦ የፉል ኤችዲ ስክሪን ቁመቱን ሦስት እጥፍ ያህል ርቆ ቢታይ መልካም ነው፤ የ55 ኢንች ቁመት 68 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ ሁለት ሜትር ይሆናል። ሶፋዎ አራት ሜትር ርቆ ከሆነ የኤችዲውን ዝርዝር ዓይንዎ ሊለየው ስለማይችል፣ አዲስ ቴሌቪዥን ከመግዛት ሶፋውን ማስጠጋት ይረክሳል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ እናቴ ድራማ ስታይ ንግግሩ አይሰማኝም ትላለች፤ ድምፁን ስጨምርላት ደግሞ ሙዚቃው ቤቱን ያናውጠዋል። ቴሌቪዥኑ ቡፌው ውስጥ ነው ያለው፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው።

መልስ፦ እናትዎ እውነታቸውን ነው፤ መልሱም በጥያቄዎ ውስጥ አለ። ቀጫጭን ቴሌቪዥኖች ድምፅ ማጉያቸው ትንሽና ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ የዞረ ስለሆነ፣ ድምፁ ወደ ሰሚው የሚደርሰው ከአንድ ነገር ላይ ነጥሮ ነው። ቡፌው ውስጥ ሲገባ ወፍራሙ ድምፅ በሣጥኑ ውስጥ እየተንጎራጎረ ይጎላል፣ ቃላቱን የሚለየው ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ታፍኖ ይቀራል። ሳሎኑ መሃል ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ የጭብጨባው ድምፅ ከተንጫጫ ሴራሚኩና ባዶው ግድግዳ ንግግሩን እያደባለቁት ነው።

እንግዲህ ቴሌቪዥኑን እስከ ቡፌው ጠርዝ ወደ ፊት ይሳቡት፤ ቢቻል ከናካቴው ያውጡት። ከፊቱ ምንጣፍ ያንጥፉ፣ መስኮቱ ላይ ወፈር ያለ መጋረጃ ይስቀሉ። ከዚያም በድምፅ ሜኑ ውስጥ «ሰራውንድ» የሚባለውን አጥፍተው «ክሊር ቮይስ» ወይም «ስፒች» የሚለውን ያብሩ፤ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ይቀንሱ። የሪሲቨሩንም ድምፅ እስከ መጨረሻው አካባቢ ከፍ አድርገው ትተውት በቴሌቪዥኑ ሪሞት ብቻ ይቆጣጠሩ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ሳውንድባር (ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ረጅም ድምፅ ማጉያ) ይግዙ፤ ሲገዙም ለንግግር የተለየ የመሃል ድምፅ ማጉያ ያለውን ቢመርጡና «አርክ» በሚል በተጻፈበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ቢያገናኙት፣ እናትዎ በአንድ ሪሞት ሁሉንም ሊጠቀሙ ይችላሉ። ስለ ዋትነቱ የሚነገረውን ትልልቅ ቁጥር ግን ብዙም አይመኑት።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ አንዳንድ ጣቢያ ላይ ምስል እያለ ድምፅ የለም። በሌላው ደግሞ ድምፁ ከከንፈሩ ይዘገያል።

መልስ፦ የመጀመሪያው፣ ጣቢያው ድምፁን በዶልቢ አሠራር ስለሚልክና ቴሌቪዥንዎ መፍታት ስለማይችል ሊሆን ይችላል። በሪሲቨሩ የድምፅ ሜኑ «ቢትስትሪም» የሚለውን ወደ «ፒሲኤም» ይቀይሩት፤ ካልሆነም በሪሞቱ የኦዲዮ ቁልፍ ሌላ የድምፅ መስመር ይምረጡ። ድምፅ የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ በብሉቱዝ ሲገናኝ ስለሆነ በገመድ ይተኩት። ከምስሉ የሚቀድም ከሆነ ግን «ኦዲዮ ዲሌይ» በሚለው ማዘግየት ይቻላል።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ለወላጆቼ ከዚህ ከአሜሪካ ቴሌቪዥን ልወስድላቸው አስቤአለሁ። ይሠራል?

መልስ፦ ሁለት ነገር ሳያጣሩ እንዳይገዙ። በጀርባው ያለው ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ያለ ስጋት ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከሌለ እንደተሰካ ይቃጠላል። ሁለተኛው፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች በሰከንድ 50 ጊዜ የሚታደስ ምስል ስለማይቀበሉ፣ ሪሲቨሩ በ50 ኸርትዝ ሲልክ ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል። ሪሲቨሩን ወደ 60 ኸርትዝ መቀየር ያስችላል፤ የኳስ እንቅስቃሴ ግን ጥቂት ይንቀጠቀጣል። ከጉዞው እንግልት ጋር ሲደመር፣ እዚሁ መግዣውን ብር ቢልኩላቸው እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በዩቲዩብ የማየው ሁሉ ደብዛዛ ነው።

መልስ፦ ለ1080 ምስል በሰከንድ 5 ሜጋቢት ያህል ሳይቆራረጥ መድረስ አለበት፤ ሲያንስ ጥራቱ በራሱ ይወርዳል። ራውተሩ በሁለት ግድግዳ ማዶ ከሆነ ያቅርቡት፤ ከተቻለም በኔትወርክ ገመድ ይሰኩት።

ጥያቄ (ከአዳማ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ)፦ አዲስ ሪሲቨር ገዝቼ በኤችዲኤምአይ አገናኘሁት፤ 1080 ላይም አደረግሁት። ምስሉ ሌላ ሆኗል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው፤ በአንዳንድ ጣቢያ ሰው ሁሉ ወፍሮ ይታያል፣ ከታች የሚሄደው የዜና ጽሑፍም ግማሹ ይቆረጣል።

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። የሚወፍሩት በ4 ለ3 ቅርጽ የተቀረጹ የቆዩ ዝግጅቶች ወደ 16 ለ9 ስለተለጠጡ ነው፤ በሪሲቨሩ «አስፔክት» በሚለው ሥር ቅርጹ እንዳለ እንዲቀር ሲያደርጉ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፣ ሰዎቹ ግን ወደ ራሳቸው መልክ ይመለሳሉ። ጽሑፉን የሚቆርጠው ደግሞ ቴሌቪዥኑ ጠርዙን እንደ ድሮው ትንሽ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው፤ በምስል መጠን ሜኑ ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ይምረጡ። በብዙ ቴሌቪዥኖች ይህ ቅንብር ለእያንዳንዱ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ለብቻው የሚቀመጥ ስለሆነ፣ ሪሲቨሩን ወደ ሌላ ቀዳዳ ካዛወሩት እንደገና መምረጥ ሊኖርብዎት ይችላል።