«አባቴ ቢሮ ይላል፣ እኔ ቲያትር»

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አሳጥሬ ላስቀምጠው። 10ኛ ክፍል ልትገቢ ነው። ከመደበኛው ትምህርት ሌላ አንድ ምርጫ ብቻ ተሰጥቶሻል፤ ፈረንሳይኛ፣ ቲያትር ወይም የቢሮ ሙያ። አባትሽ «ቢሮውን ያዢ፣ በቲያትር ማን ኖረ?» ይላሉ። የቋንቋ መምህርሽ ፈረንሳይኛውን እንዳትተዪ መክራሻለች። ልብሽ ያለው ግን መድረኩ ላይ ነው፣ ፈርተሻልም።

የትኛው ሥራ ያስገኛል ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ብሆን ሌላ ነገር ነበር የምጠይቀው። ከሦስቱ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ልትማሪው የማትችዪው የቱ ነው? የክፍል ሰዓትሽ ትንሽ ናት፣ ለእሱ ብታውያት ይሻላል።

አባትሽ አልተሳሳቱም። ኪቦርድ ሳያዩ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ ላይ ቁጥር መደመርና መደርደር፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ወግ ያለው ደብዳቤ መጻፍ የትም ይፈለጋል። ሐኪም ብትሆኚም አይቀርልሽም። ግን አብዛኛው የእጅ ልምድ ነው። ኪቦርዱ ላይ ኤፍ እና ጄ የተባሉትን ቁልፎች በጣትሽ ዳስሺያቸው። ትንሽ ጉብታ አላቸው። ሁለቱ ሌባ ጣቶችሽ የሚያርፉት እዚያ ነው፣ ሌሎቹ ጣቶች ከእነሱ ተነስተው ቦታቸውን ያገኛሉ። በቀን 20 ደቂቃ ከሠራሽ በጥቂት ወራት ለውጡን ታዪዋለሽ። በደቂቃ 40 ቃል ከደረስሽ ለብዙ የቢሮ ሥራ አታንሺም። በነገራችን ላይ በዚህ ልኬት «አንድ ቃል» የሚባለው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 5 ምት ነው። መጀመሪያ ላይ በሁለት ጣት ከምትጽፊው በባሰ ትዘገዪያለሽ። እዚያ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚተወው።

ፈረንሳይኛው ላይ ችግሩ ሰዓት ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ቋንቋ ሲያስተምር ሰዓት ቆጥሮ ነው። አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ሠልጣኞች በፈረንሳይኛ ለሥራ እንዲበቁ 700 ገደማ የክፍል ሰዓት ይመድባል። ለጃፓንኛና ለዓረብኛ ከ2,000 በላይ። ያንቺ ክፍል በሳምንት 3 ጊዜ፣ 45 ደቂቃ ነው ብለሻል። ዓመቱን 36 ሳምንት ብንለው 81 ሰዓት ይሆናል። እስከ 12ኛ ብትገፊበት እንኳ 243። ስለዚህ ፈረንሳይኛ የምትይዢው ከክፍል ውጭም ልትሠሪበት ከቆረጥሽ ብቻ ነው። ለአንድ ዓመት ለመሞከር ከሆነ ሰላምታና መንገድ መጠየቅ ይዘሽ ትወጫለሽ፣ እሱንም በዓመቱ ትረሺዋለሽ።

ቲያትር ብቻሽን አይሆንም። መስታወት ፊት ቆመሽ መናገር ትችያለሽ፤ መስታወት ግን አያቋርጥሽም፣ ቃሉን ረስቶ አያፈጥብሽም። አንድ ሰው መድረክ ላይ ቃሉ ሲጠፋበት አብሮት ያለው ነው የሚያወጣው፣ ይህ ደግሞ ማዳመጥን ይጠይቃል። ድምፅ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ትንፋሽ ተነስቶ ሳይጮኹ የኋላ ወንበር እንደሚደርስ የምትማሪው እዚያ ነው። ሥራ ፈላጊዎችን ስፈትን ተቀምጬ አውቃለሁ። ወረቀቱ ያማረ፣ መልሱም ትክክል የሆነ ልጅ ገብቶ ድምፁ አልሰማ እያለን «እንደገና በለው» ስንለው ይባስ ተሸበረ። አሳዘነኝ። የጎደለው እውቀት አልነበረም።

አባትሽ ያላዩት አንድ ነገር ደግሞ አለ። የቢሮ ሙያ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጧል። የመድረክ አስተባባሪ የምትባል ሰው አለች። የልምምድ ሰዓት ታወጣለች፣ ማን ቀረ ማን አረፈደ ትመዘግባለች፣ በየቀኑ የተወሰነውን ጽፋ ለሁሉም ትበትናለች። አንድ ወፍራም ፋይል ትይዛለች፤ መብራቱ የቱ ቃል ላይ እንደሚጠፋ፣ ተዋናዩ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ድምፁ መቼ እንደሚለቀቅ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። እሷ ታማ ብትቀር ሌላ ሰው ፋይሉን ይዞ ትዕይንቱን መምራት መቻል አለበት። ይህ ጥሩ የቢሮ ሥራ ካልሆነ ምን ይሆናል? የትዕይንቱ ቀን ደግሞ አይገፋም፤ ሰው ተጠርቷል።

እንግዲህ ቲያትሩን ያዢ፣ ግን ከትወናው ጋር ይህንን ቦታ ለአንድ ትዕይንት ጠይቂ። ታይፑን ቤትሽ ተለማመጂ፣ የልምምዱን ማስታወሻ በኮምፒውተር ጻፊው። ሠንጠረዡን በአልባሳቱ ዝርዝርና በበጀቱ ተማሪበት። ለአባትሽም «በቲያትር እኖራለሁ» ብለሽ አትከራከሪ። በትወና ብቻ መተዳደር ከባድ ነው፣ ገቢውም አንድ ወር ሞልቶ ሌላው ወር ባዶ ነው፤ እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። ፋይሉን አሳዪያቸው።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት የቲያትር መምህሩን ሄደሽ «በዓመት ስንት ትዕይንት እናሳያለን?» በይው። «አንድም አናሳይም፣ የቲያትር ታሪክ ነው የምናስተምረው» ካለሽ፣ እኔ ያልኩሽን ተዪውና ፈረንሳይኛውን ሙዪ።