የጎረቤት ጡት ይጠባ ወይ? የዚህ ሳምንት የስኳር ሕመም ያለባቸው አራሶች ጥያቄ

«እርግዝና ላይ ስኳር ተገኘብኝ። ሲስተሯ ሲወለድ የልጁ ስኳር ሊወርድ ይችላል አለችኝ። የኔ ከፍ ብሎ የሱ እንዴት ይወርዳል?» (ከልደታ)

ግራ ያጋባል፣ አልፈርድብሽም። ሆድሽ ውስጥ እያለ ያንቺ ስኳር በእትብቱ ይደርሰዋል፣ ቆሽቱም ያን ለመቋቋም ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ማብዛት ይለምዳል። እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ይቋረጣል፣ ኢንሱሊኑ ግን ወዲያው ስለማይቀንስ የልጁ ስኳር ይወርዳል። ተረከዙን እየወጉ የሚለኩት ለዚህ ነው። በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ያዢው።

«ከወለድኩ 3ኛ ቀኔ ነው፣ ወተቴ አልወረደም። ጎረቤቴ የ4 ወር ልጅ አላት፣ ላጥባልሽ አለችኝ። አማቴም ድሮ እንዲህ ነበር ይላሉ።» (ከፒያሳ)

አማትሽ እውነታቸውን ነው፣ ድሮ የሌላ ሰው ልጅ ማጥባት ነውር አልነበረም። ግን ድሮ ያልተመረመረውን ዛሬ መመርመር እንችላለን። ኤችአይቪ በጡት ወተት ይተላለፋል፣ ሰው ደግሞ በመልኩ አይታወቅም፤ ጎረቤትሽ የቱንም ያህል ደግ ብትሆን። እናቶች የለገሱት ወተት የሚከማችበት የወተት ባንክ ባለባቸው አገሮች የሰጪዋ ደም ይመረመራል፣ ወተቱም በ62.5 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። እቤት ምድጃ ላይ አፍልቶ መስጠት የዚህ ምትክ አይሆንም። ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ የጡት ዝምድና አለ፣ አብረው የጠቡ አይጋቡምና መጀመሪያ ቤተሰብ ይነጋገርበት።

ለማንኛውም ስኳር ያለባት እናት ወተቷ ዘግየት ብሎ መውረዱ የተለመደ ነው። እንገሩ ጠብታ ቢሆንም አትናቂው። በእጅሽ እያለብሽ በማንኪያ ስጪው፣ በቀን 8 ጊዜ ያህል፣ ሌሊቱንም ጨምሮ (አውቃለሁ፣ ሌሊቱ ይከብዳል)። ዛሬውኑ ግን ልጁን ሐኪም ይየው፤ ሽንቱ ካነሰ ወይም እንቅልፍ ካበዛ አታሳድሪው። ሐኪሙ የዱቄት ወተት ጨምሪ ካለሽም ጨምሪ፣ ኃጢአት አይደለም፣ የወረደ ስኳር ጊዜ አይሰጥም።

«የልጅ ልጄን ስኳር በውሃ በጥብጬ ላቅምሰው? ቅቤስ?» (ከአራት ኪሎ)

ኧረ እማማ፣ ሁለቱንም ይተዉት! ለእናቲቱ አጥሚት ይሥሩላት፣ ማሩን ግን ቀነስ ያድርጉላት።

«ከመውለዴ በፊት እንገር አልቤ ማስቀመጥ ይቻላል?» (ከካዛንቺስ)

በ2017 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ስኳር ላለባቸው፣ ሌላ ችግር ለሌለባቸው ነፍሰ ጡሮች ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ ጉዳት አላገኘበትም። ሐኪምሽን ሳትጠይቂ ግን አትጀምሪ። ፍሪዘር ውስጥ ካስቀመጥሽም መብራት ሲጠፋ የቀለጠውን መልሰሽ በረዶ አታድርጊው።

«ኢንሱሊን እየወጋሁ ላጥባ?» (ከስታዲየም)

አጥቢ። ልጁን አይጎዳውም። ማጥባት ያንቺን ስኳር ሊያወርደው ስለሚችል ግን አጠገብሽ የሚበላ ነገር ይኑር።